ዘመድ ያለበት ዩኒቨርሲቲ

የእኛ የደባርቅ ሰው ለልጁ ዩኒቨርሲቲ ሲመርጥ ምን እንደሚጠይቅ ታውቃላችሁ? ስለ ትምህርቱ አይደለም። «እዚያ ከተማ ዘመድ አለን ወይ?» ነው የሚለው። እንዲህ ከሆነማ መንግሥት ፈተናውን ትቶ ለምን የዘር ሐረግ አያስቆጥርም?

የልጅ ልጄ የሻረግ ዳባት ካለው ኮሌጅ በእንስሳት ሕክምና ዲፕሎማ ይዛለች። በዚያው ሙያ ዲግሪ የምትቀጥልበትን ዩኒቨርሲቲ ራሷ መረጠች። ታናሽ ወንድሜ መላኩ ግን «እዚያ ማንም የለንም» ብሎ ከለከለ። ሰባት ቤት ቆጥሮ፣ የአማቱን የአክስት ልጅ ሌላ ከተማ አገኘላት። እዚያ ደግሞ የእንስሳት ሕክምና የለም፤ የሒሳብ አያያዝ ነው ያለው።

«ወንድሟ ሲሄድ ማን ዘመድ ፈለገለት?» አልሁት።

«እሱማ ወንድ ነው፣ እታለም።»

«ዘመድ የሚቆጠረው ሴት ልጅ ስትማር ብቻ ነው?»

የሻረግ በመሃል ገብታ «ይተዉት እምዬ፣ በእኔ አይጣሉ» አለችና ቅጹ ላይ እሱ ያለውን ሞላች።

ዘመዲቱ ደግ ናት ይላሉ። ልጆቿን ያለ ደመወዝ የምትይዝላት ካገኘች፣ ደግ የማትሆን ማን ናት? ትናንት የሻረግ ስትደውል ስለ ትምህርቷ አንድም ነገር አላነሳችም።

«የላማችን ጡት እብጠቱ ጎደለ?» አለችኝ።

አልጎደለም። ጎድሏል አልኋት።