ብሎኗን ማን ይንካት?

ኑ ቀረብ በሉ ልጆቼ፤ ጥቅምት ነው፣ ጣናም የክረምቱን ድፍርስ አዝቅጦ መጥራት ጀምሯል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል። ይሁን፣ እኔም ስለው ኖሬያለሁ። ግን ሁሉ ነገር በማኅበር አይያዝም፤ መርፌ ላይ ክር ስታስገቡ አምስት ሰው እጃችሁን ቢይዝላችሁ ምን ትሆናላችሁ? ትወጋላችሁ።

የልጄ የየሺ ባል፣ አማቼ ሙላት፣ በሐይቁ ዳር ያለውን የመንደራችንን በቆሎ ከከርከሮ የሚጠብቅ ነው። አምና በዚሁ ወር፣ ፈቃድ ባለው ጠመንጃው ላይ አዲስ የማነጣጠሪያ መነጽር አስገጠመ፤ ስታዩበት ቀይ ቀለበት ዒላማው ላይ ቁጭ ትላለች። ታዲያ ቀለበቷና ጥይቷ ገና አልተስማሙም ኖሮ፣ በሃያ ርምጃ የቆመ ከርከሮ ሳተ። ከርከሮውም ቀና ብሎ አይቶት ማኘኩን ቀጠለ አሉ! መንደሩ ተቆጣ፤ «እስከ ቅዳሜ ካላስተካከለ ሌላ ጠባቂ እንይዛለን» ተባለ። የሺ ያኔ የሰባት ወር እርጉዝ ነበረች፤ ከዚያ ሥራ በቀር መተዳደሪያ አልነበራቸውም።

ሐሙስ ጠዋት ሙላት ከማሳው ወዲያ ባለው ገደል ላይ የዒላማ ወረቀት ለጠፈ፣ ጠመንጃውን አሸዋ በሞላው ጆንያ ላይ አስደግፎ በደረቱ ተኛ። ደንቡ ሦስት ተኩሶ፣ ሦስቱ የት እንዳረፉ አይቶ፣ ከዚያ በመነጽሩ ጎን ያለችውን ብሎን ማዞር ነው። ግን ተኩስ የሰማ ሽማግሌ ቤቱ ይቀመጣል? ታናሽ ወንድሜ ደሴ መጣ፣ የድሮው ወታደር አያ ውቤ መጡ፣ መሪጌታም ሳይቀሩ መጡ። ሙላት ደግሞ ጨዋ ያሳደገው ነውና «እርስዎ ይቅደሙ» አለ።

አለቀ።

ደሴ አንዲት ተኩሶ «ወደ ግራ ትሄዳለች» ብሎ በቢላዋ ጫፍ ብሎኗን አዞራት። አያ ውቤ አንዲት ተኩሰው «ወደ ግራ የሄድኸውስ አንተ ነህ!» ብለው መለሷት፤ ሲመልሱም አሳለፏት። መሪጌታ በመነጽሩ አይተው፣ ቀይዋን ቀለበት ሊነኩ ወረቀቱ ድረስ ቢሄዱ የለችም፤ አማተቡ። ተመልሰው ግን እሳቸውም አዞሯት። ሙላትን ላብ አጠመቀው። ከሽማግሌ እጅ ብሎን ማን ይቀማል?

ጠጋ ብዬ «ለማስተካከያው ስንት ጥይት ቀረህ?» አልሁት።

«ሰባት፣ እሜቴ።»

«በል ሦስቱን ሽማግሌ እኔ እወስዳለሁ፤ ሰባቱን አንተ ያዝ።»

ዞር ብዬ «የሺ ምርቃት ትሻለች፤ እሸቱም ተቀቅሏል» አልሁ።

«ጥይቱስ?» አሉ አያ ውቤ።

«ጥይት አይቀዘቅዝም፤ በቆሎው ግን ይቀዘቅዛል።»

ምርቃቱ ረዘመ። ከወዲያ ሦስት ጮኸ፤ ጸጥ። ሦስት ጮኸ፤ ጸጥ። ኋላ አንድ። ሙላት ወረቀቱን ይዞ ሲመጣ የመጨረሻዋ ቀዳዳ መሐል ለመሐል ነበረች።

«አላልሁም? እኔ ባላዞራት ኖሮ!» አለ ደሴ።

«ያንተን እኔ ባልመልሰው ኖሮ!» አሉ አያ ውቤ።

መሪጌታ ጸሎት ነው አሉ። ሙላትም ዝቅ ብሎ የሦስቱንም ጉልበት ስሞ አመሰገነ። እኔ ምን ቸገረኝ፤ በቆሎ ጨመርሁላቸው።

ቅዳሜ መንደሩ እያየ በአንዲት ጥይት ዒላማውን መታ፤ ጥበቃውም ጸናለት። በሳምንቱ አንድ ከርከሮ ወደቀ፣ የቀሩት ወደ ረግረጉ ተሻገሩ፤ በቆሎውም በደኅና ገባ። የሺ ሴት ልጅ ወለደች፤ ይኸው ድክ ድክ ትላለች። አያ ውቤ ባሕር ዳር ሄደው ዓይናቸውን ታከሙ። መሪጌታ ደቀ መዛሙርታቸውን ያስተምራሉ። ደሴ ደግሞ ጎርጎራ ዘመድ ጥየቃ ወርዶ፣ ጠመንጃ አስተካካይ መጣ ተብሎ አራት ቀን ተጋብዞ ተመለሰ። እዚያ የነካው ጠመንጃ እንዴት እንደሆነ አልጠየቅሁም።