የራስ ቅል ያለበት ጣሳ

የማያውቀውን ነገር አፍታትቶ የሚያስረዳ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔን በጃንሆይ ዘመን ቡታጅራ ላይ ገጥሞኛል፤ ባለሱቁ አቶ ዘርጋው ነው። የተባይ መርዝ ተሸጦ ሲያልቅ ባዶውን ጣሳ አጥቦ ይሸጣል። ጣሳው ላይ የራስ ቅልና የተጠላለፉ ሁለት አጥንቶች ተሥለዋል። ፈረንጆቹ ጽሕፈቱን ማንበብ ለማንችለው ሁሉ አስበው መሣላቸው ነው፤ ዘርጋውን ግን አላሰቡትም።

ጎረቤቴ ዘይነባ ለመስቀል የምትሸጠውን ቅቤ ልታኖርበት ጣሳውን አነሣች።

«ይሄ ደግሞ ማነው?» አለች ሥዕሉን እያየች።

«የፋብሪካው ባለቤት ነው፤ ሲያረጅ የተነሣው ፎቶ» አላት ኮስተር ብሎ።

«አጥንቶቹስ?»

«ምርኩዞቹ ናቸዋ!»

እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ ግን ሞትን ለማወቅ ፊደል ያስፈልጋል? ያን ቅቤ ስንቱ ቤተሰብ ይበላዋል! ዘይነባ ከያዘችው ቅቤ ቆንጠር አድርጌ የጣሳውን ውስጥ አሸሁበትና፣ «እንካ ልጄ፣ መጀመሪያ አንተ ቅመስልን» አልኩት።

ዘርጋው ወደ ኋላ አፈገፈገ። «እማማ፣ ጾም ነኝ።»

ዘይነባ ጣሳውን መደርደሪያው ላይ መልሳ ሣቀች። «ኧረ አቶ ዘርጋው! እኔ ሙስሊሟ እንኳ አውቃለሁ፤ ዛሬ ሐሙስ ነው!»