ጋሽ መሸሻ ከማን ይልቅ ያስላሉ?

ትናንት ሌሊት በሕልሜ የከተማችን አስተዳደር ፀሐይ መውጣቷን በይፋ አስታወቀ።

ጣሪያዋ ላይ ድምፅ ማጉያ የተሸከመች ነጭ መኪና ቀስ እያለች በሰፈራችን አለፈች። «ለተከበራችሁ የከተማችን ነዋሪዎች በሙሉ! ፀሐይ ዛሬም እንደ ወትሮዋ በምሥራቅ በኩል የወጣች መሆኑን ስንገልጽ ታላቅ ደስታ ይሰማናል። ለዚህ ስኬት የበኩላችሁን ላበረከታችሁ ሁሉ ምስጋናችን የላቀ ነው።» ሰው ሁሉ ከቤቱ ወጥቶ አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ። አንዲት ሴትዮ እልልታዋን አቀለጠችው፤ ቀና ብላ ግን ፀሐይዋን አላየቻትም።

መኪናዋ ጥግ ላይ ስትደርስ የረሳችው ነገር ኖሮ ወደ ኋላ ተመለሰች።

«በተጨማሪም! ከዛሬ ጀምሮ ማንኛውም ነዋሪ አንድ ነገር አደርጋለሁ ወይም ይደርስብኛል የሚል ከሆነ፣ ከማን ይልቅ ደጋግሞ እንደሚያደርግ ወይም እንደሚደርስበት በእንግሊዝኛ ማስረዳት ይጠበቅበታል። የሚነጻጸርበትን ሰው ይዞ መቅረብ የነዋሪው ፈንታ ነው። ይህም የሆነው ለናንተው ዕድገት ሲባል ነው።»

ከመኪናዋ አንድ ባለሙሉ ልብስ ሰውዬ ወረደ። አንገቱ ላይ ጥቁር ሰሌዳ ተንጠልጥሏል። ሰሌዳውን በእንጨት እየመታ አስተማረን። «ሞር ኦፈን ዛን»፣ ከእገሌ ይልቅ ደጋግሞ ማለት፣ ስለ ራስ መልካም ነገር ለመናገር ነው። «ሌስ ኦፈን ዛን»፣ ከእገሌ ባነሰ ማለት፣ ስለ ጎረቤት ነው። «አዝ ኦፈን አዝ»፣ እኩል ማለት፣ ከሰው ጋር መጣላት ለማይፈልግ ሰው ነው። «ትዋይስ አዝ ኦፈን አዝ»፣ ሁለት እጥፍ ማለት፣ ከመምሪያ ኃላፊ በታች ላለ አይፈቀድም። «ኔቨር»፣ ፈጽሞ አይደረግም የምትለዋ ቃል ግን የከተማዋን ገጽታ ስለምታበላሽ ከአገልግሎት ውጭ ሆናለች።

ሰሌዳው ላይ ለምሳሌ የተጻፈው፣ ጆን የሚባል ሰው ከወንድሙ ይልቅ ደጋግሞ ቴኒስ እንደሚጫወት ነበር። በኛ ከተማ ቴኒስ የለም። ዓረፍተ ነገሩ ግን ከውጭ የመጣ ስለሆነ ማሳፈር አይገባም ተባለ። ወዲያው ወንዶቹ ሁሉ ከየጓዳው መጥበሻ ይዘው ወጡና የተጠቀለለ ካልሲ ይጠልዙ ጀመር። ታላላቆቹ ይጠልዛሉ፤ ታናናሾቹ ዳር ቆመው እንዳይነኩ ይጠበቃሉ። አንዱ ታናሽ ካልሲ አንስቶ ቢወረውር በጥፊ አሉት።

ወደ አደባባዩ ሄድኩ። ድሮ የቀን ሠራተኞች አካፋና ዶማ ይዘው የሚቆሙበት ቦታ ላይ አሁን ባዶ እጃቸውን የተቀመጡ ሰዎች ተደርድረዋል። ደላላው ፈንታዬ በመካከላቸው ወዲያ ወዲህ እያለ ይጮሃል።

«ቴኒስ አይቶ የማያውቅ! ሲኒማ ገብቶ የማያውቅ! ገላውን ለበዓል ብቻ የሚታጠብ! ቶሎ በሉ፣ እያለቁ ነው!»

እያንዳንዱን እያስነሳ ያሳያል። ሰዎቹም በኩራት ይዞራሉ። ምንም የማያደርግ ሰው እንዲህ ተፈላጊ ሆኖ አይቼ አላውቅም።

«ወንድሜ፣ ለምን ጉዳይ ነው?» አለኝ።

«ከኔ ያነሰ የሚያነብ ሰው አለህ?»

«ውይ! እነሱን እኮ ማለዳ አስተማሪዎች ጠራርገው ወሰዷቸው።»

በዚህ መሃል ጎረቤቴ ጋሽ መሸሻ ሚስታቸውን እትዬ የሻረግን አዝለው መጡ። በዚያ አገር ደንብ አስታማሚን የሚሸከመው ታማሚው ነው። ጋሽ መሸሻ ከርሞ የቆየ ሳል አለባቸው፤ ሰሞኑን ደግሞ ደም ይቀላቅል ጀምሯል። አንድ እርምጃ ይራመዱና ያስላሉ፤ ሲያስሉ እትዬ የሻረግ ጀርባቸው ላይ ከፍ ዝቅ ይላሉ።

«ከብደሻል» አሉ ጋሽ መሸሻ።

«አንተው ነህ ያበላኸኝ።»

«መቼ?»

«ኧረ ዝም በል፣ ትንፋሽህን አትጨርስ!» አሉና ወደኔ ዞሩ። «ልጄ፣ ጤና ጣቢያው እስከ ቀትር ነው የሚሠራው። ዛሬ ካልታየልኝ ነገን እንጃለት። የማያስል ሰው ፈልግልኝ በሞቴ!»

ፈንታዬ ከዳር አንድ ደረቱ የሰፋ፣ ጉንጩ የቀላ ሰው ጎትቶ አስነሳ። አቶ እርገጤ ይባላል።

«ይሄ ከእናቱ ሆድ ከወጣ አስሎ አያውቅም። አቧራ ላይ ነው ያደገው።»

«ቢያስልስ?» አሉ እትዬ የሻረግ።

«እትዬ፣ ይሄ ሰው ትን ሲለው እንኳ አስፈቅዶ ነው።»

አቶ እርገጤ ደረቱን በቡጢ መትቶ አሳየን። የከበሮ ድምፅ ሰጠ። ይዘነው ሄድን።

ጤና ጣቢያው ደጃፍ ላይ ሐኪሞቹ ፀሐይ ላይ ተሰልፈዋል። ነጭ ጋዋናቸውን እንደለበሱ፣ ማዳመጫቸውን አንገታቸው ላይ እንዳደረጉ፣ በሽተኛ እስኪደርሳቸው ይጠብቃሉ። ተራው የረዘመባቸው ድንጋይ አስቀምጠው ሄደዋል፤ በሰልፉ መካከል ድንጋዮቹ በየባለቤታቸው ቦታ ቁጭ ብለዋል። አንድ ወጣት ሐኪም የጋሽ መሸሻን ሳል ሲሰማ ከሰልፉ ወጣ።

«እባካችሁ፣ እኚህን ሰውዬ ለኔ ስጡኝ! ደረታቸውን ብቻ ላዳምጥ!»

ዘበኛው በዱላው መለሰው። «ተራህን ጠብቅ! ለመሆኑ አንተ ከማን ይልቅ ታክማለህ?»

ሐኪሙ ወደ ሰልፉ ተመለሰ። የሚነጻጸርበት ሰው አላመጣም።

ውስጥ፣ ካርድ ክፍሉ መስኮት ላይ አንድ በግ ተቀምጧል። ከረባት አስሯል። ከፊቱ ያለውን የእንግሊዝኛ መማሪያ መጽሐፍ ገጽ በገጽ እየቀደደ ያመነዥካል። አጠገቡ የቆሙ ባለሥልጣኖች ገጽ በጨረሰ ቁጥር «እንዴት ያለ ንባብ ነው!» ይላሉ።

እትዬ የሻረግ ከባላቸው ጀርባ ላይ ሆነው እጅ ነሱ። «ጌታዬ፣ ባለቤቴ ያስላል።»

«ከማን ይልቅ?» አለ በጉ።

«ሞር ኦፈን ዛን አቶ እርገጤ!» አልኩ እኔ ፈጠን ብዬ። ባለሥልጣኖቹ በአድናቆት አዩኝ።

በጉ አቶ እርገጤን ከላይ እስከ ታች አየው። አቶ እርገጤ ደረቱን ነፋ። በዚያች ቅጽበት በጉ አንድ ያረጀ ገጽ ቀደደ፤ የመጽሐፉ ብናኝ ቦነነና አቶ እርገጤ አፍንጫ ውስጥ ገባ። ሰውዬው ዓይኑ ፈጠጠ፣ ፊቱ ጠቆረ፣ ታገለ። ከዚያ የሕይወቱን ሳል በሙሉ በአንድ ጊዜ አሳለው።

«አዝ ኦፈን አዝ!» አለ በጉ። «ቀጥሎ ያለው መስኮት።»

ቀጥሎ ያለው መስኮት ዝግ ነበር። የመስኮቱ ሠራተኛ መስኮት ደጋግሞ ስለመክፈት ለሚሰጥ ሥልጠና ወደ ሐይቁ ዳር ሆቴል ሄዷል አሉን። አቶ እርገጤ እያለቀሰ ወጣ። «በቃ ከእንጀራዬ ተነቀልኩ» ይላል።

እትዬ የሻረግ ግን ሴት አይደሉም፣ ነብር ናቸው። ከባላቸው ጀርባ ሳይወርዱ በበሩ እጃቸውን ዘርግተው ከሐኪሞቹ ሰልፍ ላይ አንድ ድንጋይ አነሱና መስኮቱ ላይ ዷ አደረጉት።

«ይኸው! ከዚህ ድንጋይ ይልቅ ያስላል! ይሄንንም እምቢ በሉ!»

በጉ ማመንዠኩን አቆመ። ጉዳዩ ከአቅሙ በላይ ስለሆነ ለኮሚቴ መራው። ኮሚቴው እዚያው ኮሪደሩ ላይ ወንበር አስደርድሮ ተቀመጠ፤ የታሸገ ውሃም ቀረበለት። ሰብሳቢው ጉሮሮውን ጠረገ።

«ድንጋዩ የማን ነው?»

«ተራ የያዘ ነው» አለ ዘበኛው።

«ተራ ከያዘ እንደ ሰው ነው የሚቆጠረው። ባለቤቱ ያስላል?»

«ባለቤቱ ሻይ ሊጠጣ ሄዷል።»

«እንግዲህ መጠንቀቅ አለብን። ዝም ብለን ድንጋይ አያስልም ብንል ኔቨር ማለታችን ነው። ኔቨር ደግሞ የለም።»

«ሳምታይምስ፣ አልፎ አልፎ ያስላል ብለን ብንወስደውስ?» አለ አንዱ።

«ሬርሊ! ከስንት አንዴ!» አለች መነጽር ያደረገች ሴት።

«ሃርድሊ ኤቨር» አለ ከኋላ የተቀመጠ ዝምተኛ ሰው።

የዚያን ቃል ትርጉም ከመካከላቸው የሚያውቅ አልነበረም። ሰብሳቢው ቀስ ብሎ ራሱን ነቀነቀ። ይሄን ያየችው ባለመነጽሯም ነቀነቀች፣ ከዚያ ሁሉም ነቀነቁ። «እጅግ ጥልቅ አስተያየት ነው፤ በቃለ ጉባኤው ይያዝልን» ተባለ። ተናጋሪው ራሱ ከየት እንደመጣለት ገርሞት ዙሪያውን ያያል።

ጋሽ መሸሻ ያስላሉ። ከከንፈራቸው ጥግ ቀይ ነገር ወረደ፤ እትዬ የሻረግ በነጠላቸው ጫፍ ከኋላ ሆነው ጠረጉላቸው።

«ጌቶቼ፣ ሰው እየደከመ ነው እኮ!»

«እናት፣ ትዕግሥት! ለናንተው ነው የምንለፋው። አሁን እኮ ድንጋዩ የሚያስለው በሳምንት ነው ወይስ በወር የሚለው ላይ ደርሰናል።»

ውጭ ያ ወጣት ሐኪም በሩን በሁለት እጁ ይደበድባል። ኮሚቴው በድምፁ ስለተረበሸ ደብዳቢው ከማን ይልቅ ደጋግሞ እንደሚደበድብ የሚያጣራ ንዑስ ኮሚቴ አቋቋመ። ለምርጫው ተጨበጨበ። ጭብጨባው ሲያበቃ ኮሪደሩ ጭር አለ። መጀመሪያ ምን እንደጎደለ ማንም አላወቀም።

ጋሽ መሸሻ ማሳል አቁመዋል።

እንደቆሙ ናቸው። እትዬ የሻረግ ጀርባቸው ላይ ናቸው። በጉ አንገቱን በመስኮት አወጣና አንዴ ጋሽ መሸሻን አንዴ ድንጋዩን አየ።

ሰብሳቢው ከወንበሩ ተነሣ። «ክቡራንና ክቡራት፣ በተደረገው ከፍተኛ ርብርብ የታማሚው ሳል ከድንጋዩ ጋር እኩል ለመሆን በቅቷል። አዝ ኦፈን አዝ! እንኳን ደስ ያለን!»

አጨበጨቡ። አንዳንዶቹ ተቃቀፉ።

«መሸሻ» አሉ እትዬ የሻረግ፣ ቀስ ብለው፣ ጆሯቸው ሥር። «መሸሻ፣ አውርደኝ እስቲ። አልሰማኸኝም? ኧረ አውርደኝ!»

ልጮህ አፌን ከፈትኩ። «ኦፈን» የሚል ድምፅ ብቻ ወጣኝ። ሰብሳቢው ተደስቶ ጨበጠኝ፤ እጄን ያዘና ይወዘውዘኝ ጀመር፣ ይወዘውዘኝ ጀመር።

«ልጄ፣ ተነሥ፣ ነግቷል!»

የሚወዘውዙኝ እውነተኛዋ እትዬ የሻረግ ናቸው። ለካ ጤና ጣቢያው አጥር ሥር፣ ቀዳሚ ተራ ለመያዝ ተኮራምተን ያደርንበት ቦታ ላይ ነኝ። ጋሽ መሸሻ ጋቢያቸውን ተከናንበው ግድግዳውን ተደግፈዋል። ያስላሉ። ሳላቸውን ስሰማ ደስ አለኝ፤ ከዚያ መሐረባቸውን አየሁና ደስታዬ ቀረ። ከኋላችን ሰልፉ እስከ አስፋልቱ ደርሷል።

ዘበኛው ከግቢው ወጣና በሩ ላይ አንድ ወረቀት ለጠፈ። በእንግሊዝኛ ነው፤ ጤና ጣቢያውን ያሠሩት ሰዎች እንዲያነቡት መሆን አለበት። ሁላችንም ተጠጋን። ሁላችንም ዓይናችንን ከግራ ወደ ቀኝ አመላለስን።

«ምን ይላል?» አሉ እትዬ የሻረግ።

ከኋላችን ያደረ፣ ሌሊቱን ሙሉ ከፈረንጅ ጋር እንደሠራ ሲነግረን የነበረ ባለባርኔጣ ሰውዬ ፊት ለፊት መጣ። ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ወረቀቱን እስከ ታች ወረደው።

«ሐኪሙ ከበፊቱ ይልቅ ቶሎ ቶሎ ይመጣሉ ነው የሚለው።»

«እሱማ ግልጽ ነው» አለች ደብተር የያዘች ወጣት።

«አጻጻፉም ጨዋ ነው» አለ ሌላው።

እኔም ነቀነቅኩ። ምን ላድርግ፣ ሁሉም ሲነቀንቅ!

እትዬ የሻረግ ወደ ባላቸው ጎንበስ አሉ። «ሰማህ መሸሻ? ቶሎ ቶሎ ነው። እንደ አምናው አያጉላሉንም።» ጋሽ መሸሻ ከታመሙ ወዲህ ፈገግ ሲሉ ያየኋቸው ያን ጊዜ ነው። ግድግዳውን ይዘው ለመነሣት ሞከሩ። ሰልፉም ጠጋ ጠጋ ብሎ ተስተካከለ።

ዘበኛው ወደ ውስጥ ገብቶ ብርድ ልብሱንና የምግብ ሳህኑን በፌስታል ይዞ ወጣ። ሁለቱን የበሩን መዝጊያዎች ገጠመ።

«መቼም አነበባችሁት» አለ። «ሐኪሙን ከነሻንጣቸው ትናንት ነው የሸኘኋቸው። እኔም እንግዲህ አገሬ ልግባ።»

ሰንሰለቱን አጠላልፎ ከውጭ ቆለፈና ቁልፉን ኪሱ ከቶ ወደ መናኸሪያው ወረደ።

ከሰልፉ የወጣ ሰው አልነበረም።