አባ ነገ በውሃ ልክ መደርደሪያ እንደ ሰቀሉ

በዘመነ ጣውላ፣ ይኸውም ጣውላው ተገዝቶ ከአልጋ ሥር በነገሠ በሦስተኛው ዓመት፣ ግዛቱንም ከአቧራና ከነጠላ ጫማ ጋር ተካፍሎ በሰላም ሲኖር ሳለ፣ የሳሎኑ ጌታ፣ የሶፋው ጠባቂ፣ ፈረስ ባይኖራቸውም በፈረስ ስማቸው አባ ነገ የተባሉት አባወራ መደርደሪያ ይሰቅሉ ዘንድ ተነሡ። የተነሡትም ወደው አይደለም።

ሚስታቸው እቴጌይቱ ከኩሽናው ደጃፍ ቆመው እንዲህ ሲሉ አዋጅ ነግረው ነበርና፦ «ስማኝ አንተ ሰውዬ! እማዬ እሑድ ትመጣለች። የሰጠችኝን የብርጭቆ አበባ ማስቀመጫ ዛሬም ፍሪጅ ላይ ካገኘችው አለቀልኝ። እስከዚያ መደርደሪያው ካልተሰቀለ የታችኛውን ቤት አናጢ እጠራለሁ፤ አንተ ደግሞ ጣውላው በለቀቀው ቦታ አልጋ ሥር ትገባለህ!»

አባ ነገም ይህን በሰሙ ጊዜ ደማቸው ፈላ፤ በገዛ ቤት በአናጢ መተካት ከሞት ይከፋልና። ወዲያውም «ነገ!» ብለው አወጁ።

ወእምዝ በዕለተ ቅዳሜ የቀለሙን ጣሳ በጥርሳቸው ከፍተው ጣውላውን ነጭ ቀቡት፤ ትምህርታቸውን ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጡት ጀግናም ከዚያች ሰዓት ጀምሮ በእውነት ቀለም ቀመስ ሆኑ።

በዕለተ እሑድ ማለዳ ሠራዊታቸውን አሰለፉ፦ ፊታውራሪ መዶሻ፣ እጀታው በጨርቅ የታሰረ፤ ቀኛዝማች ካቻቢቴ፤ ግራዝማች ፒንሳ፤ አሥራ አንድ ሚስማር፣ ሰባቱ ጎባጣ፤ በደጀንም እቴጌይቱ፣ ጌታው የቆሙበትን፣ አንድ እግሩ ያጠረውን ወንበር ደግፈው። በበሩም አጠገብ ውጊያው ተጀመረ፤ ሲመቱ ሚስማሩን እየሳቱ፣ ሲስቱ አውራ ጣታቸውን እየመቱ፣ ልስኑም በራሳቸው ላይ እየረገፈ ሳለ፣ አናጢው ድብደባውን ሰምቶ ከመስኮቱ ሥር አወጀ፦ «ጎበዝ! ያለ ውሃ ልክ እንዳትሰቅል፣ ኋላ ጉድ ይፈላል!»

እርሱ ያለው ግንበኞች የሥራቸውን ቀጥ ማለት የሚለኩበትን መሣሪያ ነበር። አባ ነገ ግን ጣውላውን ቸንክረው ሲያበቁ፣ ምክር ከጠላትም ይወሰዳል ብለው የአማታቸውን ማስቀመጫ ከቧንቧው ውሃ እስከ አንገቱ ሞሉት፣ ከመደርደሪያውም ላይ አኖሩት፣ በብርጭቆውም ውስጥ አሻግረው አዩ። ጣውላው ወደ በሩ ዘሟል፤ ውሃው ግን እንደ ሐይቅ ቀጥ ብሎ ተኝቷል። «ውሃው ልክ ነው!» ብለው ድላቸውን አወጁ። ውሃ መች ልክ ሳይሆን ቀርቶ ያውቃል ብሎ የጠየቀ ግን አልነበረም።

ማስቀመጫው ወደ በሩ ጉዞ ጀመረ። በዚያች ቅጽበት በሩ ተከፈተ፤ አማቲቱም ገብተው ስጦታቸውን በሁለት እጃቸው ተቀበሉ፣ ውሃውን በራሳቸው። እቴጌይቱ ደንግጠው ወንበሩን ለቀቁት፤ አባ ነገም ከዙፋናቸው ወረዱ።

አማቲቱም ፊታቸውን ጠርገው፣ ጣውላውን ሽቅብ አይተው አወጁ፦ «ልጄ፣ ውሃህስ ልክ ነው፤ ልክ እኔ ላይ ወረደ! በሉ አናጢ የሚባል ይህን ጣውላ እንዳይነካብኝ። እንዲሁ ይኑር፤ በመጣሁ ቁጥር አይቼው ልሳቅ።»

ስለዚህ አናጢው አልተጠራም፤ ማስቀመጫውም ወደ ፍሪጁ ተመለሰ፤ አባ ነገም ድል አድራጊ ተባሉ። እስከ ዛሬም ወደዚያ ቤት የሚገባ ሁሉ በመደርደሪያው ፊት አንገቱን ዘንበል ያደርጋል። አላዋቂዎች «ቀጥ ብሎ እንዲታየው ነው» ይላሉ፤ እኛ ግን ስለ ክብራቸው እንደ ሆነ እንመሰክራለን። ጣውላን ከምድር ያነሡ፣ ውሃን በልኩ ያቆሙ አባ ነገ ስማቸው ከፍ ከፍ ይበል፤ መደርደሪያቸውም በበሩ በኩል ሁለት ጣት ያህል ከፍ ቢል መልካም ነበር።