የጦር መርከብ በኒም ዛፍ ሥር

ዓይን አፋር ሰው ሰውን ለማየት ሰበብ ያስፈልገዋል። አንዳንዱ ክብሪት ይዋሳል፤ ሌላው ሰዓት አስሮ ሰዓት ይጠይቃል፤ እናንተም የየራሳችሁ አይጠፋችሁም። እኔ የጦር መርከብ ነበረኝ።

አትሳቁ። ይህን ለነፍስ አባቴ እንኳ አልተናገርኩትም። ዘመኑ ደርግ፣ ከተማው ድሬዳዋ፣ እኔ ደግሞ ሰው ፊት ድምፄ የሚጠፋብኝ የፈረንሳይኛ አስተማሪ ነበርኩ። የቀበሌያችን የውይይት ክበብ መሪ ጓድ ታምሩ አንድ እሑድ ከጋዜጣ ላይ «የኢምፔሪያሊስቶች ኮርቬት ቀይ ባሕር ገባ» ብሎ ሲያነብልን፣ ከቤቴ ፊት ለፊት ቃሪያ የምትሸጠው፣ አንቱ ሲሏት የምትቆጣው አዴ መይሙና ከኋላ ተነሣች።

«አቦ፣ ኮርቬት ደሞ ምንድነው? ይበላል?»

ጓድ ታምሩ አላወቀም። አለማወቁን መደበቅም አልቻለበትም፤ ጆሮው ድረስ ቀላ። የወደድኩት ያን ጊዜ ነው።

«ቃሉ ፈረንሳይኛ ሳይሆን አይቀርም፤ ጓዲት ሰብለ ያጣሩልን» አለ።

ቤቴ እንደገባሁ መዝገበ ቃላቱን ገለጥኩ። ጥቂት መስመር ነው። ኮርቬት ከፍሪጌት የምታንስ ፈጣን የጦር መርከብ ናት፤ የቃሉ ሥር ደግሞ ከጥንት ሆላንዶች ቋንቋ እንደመጣ ይገመታል፤ ትርጉሙም ቅርጫት ነው። መድፍ የተሸከመች ቅርጫት! በቃ፣ አለቀ።

ረቡዕ ጓድ ታምሩ ከደጃችን ኒም ዛፍ ሥር ቆሞ «ተገኘ?» አለኝ። ሁሉን ብነግረው አመስግኖ ይሄዳል፤ የሚመለስበት ምክንያት የለውም።

«ከፍሪጌት ታንሳለች» ብቻ አልኩት።

«ፍሪጌትስ?»

«እሱ ገና ነው። ከባድ ቃል ነው።»

በቀጣዩ ረቡዕ ፍሪጌት ጥንት በመቅዘፊያ የምትሄድ ትንሽ ጀልባ እንደነበረች ነገርኩት፤ በሌላው ደግሞ ስሟን እንደያዘች አድጋ አድጋ መድፍ የደረደረች መርከብ መሆኗን። የፍሪጌትን ሥር ሊቃውንቱም አያውቁትም። ይህ ለእኔ ትልቅ እፎይታ ነበር፤ የማይታወቅ ነገር ሲጣራ ዕድሜ ልክ ይፈጃል። ቅርጫቷን ግን አቆየኋት፤ እሷን የነገርኩት ዕለት የልቤንም እነግረዋለሁ ብዬ።

እሱ የሰማውን ሁሉ እሑድ እሑድ ክበቡ ላይ ይዘረግፈዋል። ስለ ስኳር ራሽን ልንነጋገር ተሰብስበን፣ ስለ መቅዘፊያ ተምረን እንበተናለን። «ደቻቱ ወንዛችን ክረምት ካልሆነ ውሃ የለው፤ ይሄ ልጅ አሸዋ ላይ ሊያሰምጠን ነው!» ትላለች አዴ መይሙና። የቀበሌ ጥበቃዎቹ ግን ሲያልፍ እንደ መርከብ አዛዥ ሰላምታ ይሰጡት ጀመር። ዝናው ከቀበሌም አልፎ ወደ በላይ አካል ወጣ።

አንድ ረቡዕ ቀሚሴን ተኩሼ ጠበቅኩት። ዛሬ እነግረዋለሁ። እሱም አዲስ ሸሚዝ ለብሶ መጣ።

«ጓዲት ሰብለ፣ ምጽዋ ተመደብኩ። ለባሕር ኃይል ስለ መርከብ የሚያውቅ ካድሬ ተፈልጎ ነው» አለኝ።

ባሕር አይቶ የማያውቅ፣ ዋና የማይችል ሰው! ስለ መርከብ የሚያውቃትን ሁሉ ያስተማርኩት እኔ።

«ለመሆኑ የኮርቬት ሥሩ ተገኘ?»

የልቤን ልነግረው አፌን ከፈትኩ።

«ቅርጫት» አልኩት።

«በጣም አመሰግናለሁ» አለ፤ እጄን ጨብጦኝ ሄደ።

አዴ መይሙና ከማዶ ቃሪያዋን እየለቀመች ሁሉን አይታለች።

«አንቺ፣ ይሄን ሁሉ ጊዜ መርከብ መርከብ ከምትዪ ‹አትሂድ› ብትዪው ምን ነበረ?»

«አትሂድ» አማርኛ ነው። እኔ የተማርኩት ፈረንሳይኛ።