«ገደልኩት» ያልኩት ሰርኪት

ወገን፣ ዛሬ ሦስት መምህራን ፊት «ገዳዩ እኔ ነኝ!» ብዬ እጄን ሰጥቻለሁ። ያውም በቪዲዮ ኮል!

ልጄ ሐያት ኢንጂነሪንግ ነው የምትማረው። ለመመረቂያዋ ኃይል የማያባክን ትንሽ የኮምፒውተር ሰርኪት ሠርታ ቆቦ ቤታችን ይዛው መጣች።

«እማ፣ ሌላው ፕሮሰሰር ሥራ ኖረም አልኖረም በሰዓት ምት ሲዘል ነው የሚውለው። የእኔው ግን ሥራ ሲመጣለት ብቻ ነው የሚነቃው» አለችኝ።

ከአራተኛ ክፍል ያቋረጥኩት እኔ ገባኝ! እኛ ቆላ ጎርፍ ጠልፈን ማሳ ስናጠጣ ማን ሰዓት ያያል? የላይኛው ገበሬ ማሳው ሲጠጣለት የታችኛውን ይጣራል። የታችኛው እስኪጠራ ያርፋል።

መግባቱስ ገባኝ። ማረፉ ነው ያቃተኝ!

ሰኞ ዋጃ አክስቷ ዘንድ ስትሄድ «በአንድ ባትሪ ስንት ቀን እንደሚቆይ እየለካሁ ነው፤ እንዳትነኪው» አለችኝ።

የቆቦን አቧራ መቼም ታውቁታላችሁ። በእርጥብ ጨርቅ ጠረግ አደረግኩት። ትንሽ ብቻ!

ከዚያ ትኩሳት እንዳለበት ልጅ በእጄ ጀርባ ዳበስኩት። ቀዝቃዛ! ስልኬ እንኳን ሲሠራ ይግላል። ይሄ መብራት የለው፣ ድምፅ የለው፣ ሙቀት የለው።

ገደልኩት!

ሁለት ቀን እህል አልወረደልኝም። ስትመለስም መናገር ፈራሁ። የልጄ ምርቃት በእኔ ጨርቅ ሊቀር!

ዛሬ ሥራዋን ለመምህራኑ በቪዲዮ ኮል ስታቀርብ፣ አንዱ «ባትሪው እስካሁን አላለቀም?» ብሎ ሲጠይቃት ግን አላስቻለኝም። ስልኩ ፊት ዘልዬ ገባሁ።

«ልጄ ጥፋት የለባትም! ጠርጌ የገደልኩት እኔ ነኝ! ሁለት ቀን ሙሉ ነካክቼዋለሁ፣ በድን ነው!»

ሐያት ፊቷን በሻሿ ሸፈነች።

መምህሩ ግን «ቆይ እናቴ፣ ምንም አልሞቀም?» አለኝ።

«እንደ እንስራ ውሃ ነው!»

ሐያት ለሰርኪቱ ሁለት ቁጥር ላከችለት። ደምሮ መለሰ! ወዲያው!

ሦስቱም በሳቅ ፈነዱ። «አይዞዎት። ሥራ ስላልመጣለት ኃይል አልበላም፣ ስላልበላም አልሞቀም። እኛም ያንን ነበር ማየት የፈለግነው» አለኝ መምህሩ። ከዚያ ወደ ሐያት ዞሮ «ጥሩ ምስክር አለሽ፤ አልፈሻል» አላት።

አልሃምዱሊላህ! እንኳንም ሳቁብኝ። ቁጣ ስጠብቅ ምርቃት አገኘሁ። አላህ ያክብራቸው!

ሐያትም አቅፋኝ «እማ፣ ሌላ ጊዜ ስትገድዪ ቶሎ ንገሪኝ እሺ» አለችኝ።

ሰርኪቱ ሥራ ሲያጣ ቀዝቅዞ ይተኛል። የእኔ ጭንቅላት ያለ ምንም ሥራ ሁለት ቀን ሲፈላ ሰነበተ! እናቶች፣ የእናንተን በምንድን ነው የምታበርዱት?