ስፋቱ አንድ አንሰልም

ስብሰባ በተጠራበት ሁሉ፣ ሰው ወንበሩን ወደ ኋላ ገፍቶ ሊነሣ ሲል እጁን የሚያወጣ አንድ ሰው አይጠፋም። «አንዲት አጭር ነገር ብቻ» ይላል። ከዚያ በኋላ ፀሐይ ትጠልቃለች።

እንዲህ ያለ ሰው የሌለበት ሰፈር እስካሁን አላየሁም። ዋጋዱጉ ውስጥ የእኛ ሰፈር ድርሻ ክቡር ሊቀ ብስክሌት አንሰልም ዜርቦ ነው። ሊቀ ብስክሌት ብዬ የሾምኩት እኔ ነኝ። እሱ ግን ሹመቱ ከእኔ እጅ ስለመጣ ክብሬን ቀነሰው ይላል።

አንሰልም የዐሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ሳለ፣ ሰባት ጅግራ ከብስክሌቱ መሪ ላይ አንጠልጥሎ ወደ ገበያ ሲሄድ አንድ የጭነት መኪና ከኋላው መጥቶ ገፍቶ ቦይ ውስጥ ጣለው። መኪናው አልቆመም። ልጁ ዐሥራ አንድ ወር ተኛ። ሲነሣ ግራ እግሩ ከቀኙ በሦስት ጣት አጥሮ ነበር። እስከ ዛሬ በግራው ፔዳል ላይ እንጨት ቸንክሮበት ይነዳል። እንጨቱ ቋ፣ ቋ እያለ ከሩቅ ስለሚሰማ፣ ሊሸሸው የሚፈልግ ሁሉ በቂ ጊዜ ያገኛል።

ታሪኩን ሲያወራ ታዲያ ስለ እግሩ አያነሣም። የሚቆጨው ስለ ጅግራዎቹ ነው። «ሁለቱ እንቁላል ሊጥሉ ደርሰው ነበር» ይላል። ቀጥሎም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ሊጠይቀኝ የመጣው ሰው ሁሉ ‹መንገድ ላይ ምን ትሠራ ነበር?› ነው ያለኝ። መኪናውን የጠየቀው የለም» ይላል።

ሊቃችን መንገድ የሚለካው በሜትር አይደለም። ከፊት ጎማው ላይ ቀይ ጨርቅ ያስርና ብስክሌቱን እየገፋ ጨርቁ ስንት ጊዜ ዞሮ እንደመጣ ይቆጥራል። በመካከል እንደምን አደርክ ያለው ሰው ወዮለት! ቁጥሩ ይጠፋበትና ከመንገዱ ጫፍ ካለው ግድብ እንደገና ይጀምራል፤ ያ ሰላምተኛም ምስክር ሆኖ አብሮት ይሄዳል። እኔ በዚህ ጥፋት ከግድቡ እስከ ትምህርት ቤቱ አራት ጊዜ በእግሬ ሄጃለሁ። ርቀቱ ሦስት መቶ ዐሥራ ሁለት ዙር ነው። ከእንቅልፌ ቀስቅሳችሁ ብትጠይቁኝ አልስተውም።

ጠዋት ጠዋት ደግሞ ከቤቴ ፊት ለፊት፣ ትምህርት ቤቱ ማዕዘን ላይ፣ ሁለት የቲማቲም ጣሳ ይዞ በርጩማ ላይ ይቀመጣል። ብስክሌት ሲያልፍ በአንደኛው ጣሳ፣ መኪና ሲያልፍ በሌላው ጠጠር ይጥላል። እሱ በነገዱ ሳሞ ነው፤ እኔ ሞሲ ነኝ። ሳሞና ሞሲ ከአያት ከቅድመ አያት የቀልድ ዘመዶች ናቸው። ቢሰዳደቡ አይቆጡም፤ አንዱ በቀልድ የጠየቀውን ሌላው ቢከለክል ነውር ነው። ስለዚህ የእኔ ቀን የሚጀምረው በእሱ ስድብ፣ እንዲህ ነው፦

«አንተ አሽከሬ፣ ዛሬም ፀሐይ ቀደመችህ?»

«ጌታህ በፈለገው ሰዓት ይነሣል። ይልቅ አንተ ውሻ በሊታ፣ ጠጠሬን መልስ። ከደጄ ነው የለቀምከው።»

«ታዲያ ከጠጠር ሌላ ከደጅህ ምን ይለቀማል?»

ባለፈው ዓመት ክፍለ ከተማው ያንን መንገድ ሊያድስ ተነሣ። በአዲሱ ፕላን ላይ ድሮ በድንጋይ ተለይቶ የነበረው የብስክሌት መስመር የለም። በቦታው መኪና ማቆሚያ ተሥሏል። የልጅ ልጄን ቴኔን ጨምሮ ሁለት መቶ የሚሆኑ ልጆች በዚያ መስመር ነው በብስክሌት ትምህርት ቤት የሚሄዱት። ፕላኑ እንዳለ ከጸደቀ ከጭነት መኪናዎቹ ጋር እየተጋፉ ሊነዱ ነው።

አንሰልም ለሠርጉ ያሰፋውን ኮት ለብሶ ወደ ጽሕፈት ቤቱ ሄደ። ማመልከቻውን የጻፍኩለት እኔ ነኝ። ፊደል የቆጠርኩት በአርባ ስምንት ዓመቴ ስለሆነ የጻፍኩት ወረቀት ሲናቅ ያመኛል። የመንገዱ ክፍል ኃላፊ ወይዘሮ ዙንግራና ሦስት ጊዜ ሰማችው። ሦስቱንም ጊዜ እጁን እያነሣ፣ «ክብርት ሆይ፣ በታላቅ ትሕትና፣ አንዲት አጭር ነገር ብቻ» አላት። ሦስቱንም ጊዜ፣ «ተመዝግቧል፣ አባባ» አለችው።

ጽሕፈት ቤቱ ካልሰማ ሕዝቡ ይታይልኝ ብሎ የብስክሌት እሑድ አወጀ። የእኛ ገበያ በየሦስት ቀኑ ይቆማል፤ እሑድ ሰኞ አያውቅም። ሊቃችን የግድግዳውን ቀን መቁጠሪያ ብቻ አይቶ ስለቀጠረ፣ ያ እሑድ የገበያ ቀን ሆኖ ተገኘ። መንገዱ ከዳር እስከ ዳር ሽንኩርት በሽንኩርት ሆኗል። ለሰልፉ የወጣነው አራት ሰዎች ነበርን። ከአራቱ አንዱ ሽንኩርት ሊገዛ የመጣ ነው።

ከዚያ ወባ ጣለው። በርጩማው ስድስት ቀን ባዶውን ዋለ። እውነቱን ልናገርና፣ ባዶውን አልዋለም። ጠጠሩን ስጥል የዋልኩት እኔ ነኝ። ሲድን ጣሳዎቹን አይቶ፣ «ይኼ የሞሲ ቆጠራ ነው፤ ግማሹ ተሰርቋል» አለ። እኔም ማን እንደቆጠረ አላውቅም አልኩት።

ፕላኑ ሐሙስ ሊጸድቅ ማክሰኞ ጠዋት አንሰልም በርጩማው ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። አሽከሬ አላለኝም። እንደምን አደርክ አለኝ። በሃያ ዓመት ጉርብትና እንደዚያ ቀን ደንግጬ አላውቅም።

«ምነው፣ ስድብ አለቀብህ?» አልኩት።

«አለቀ። ወረቀቱም አለቀ። ሐሙስ ያጸድቁታል።»

«አንተ እኔን በየቀኑ ታዋርዳለህ። እሷን ምን ሆነህ ነው ክብርት የምትላት? ዙንግራና የሞሲ ስም ነው እኮ! የእኛ ልጅ ናት።»

«እሱ ቢሮ ነው፣ ወንድሜ። መንግሥት ዘመድ የለውም።»

«መንግሥት የለውም። እሷ ግን አላት።»

ጣሳዎቹን አየ። እኔን አየ። ከዚያ ተነሥቶ ለጽሕፈት ቤቱ የለበሰውን ኮት ሊያወልቅ ወደ ቤቱ ሄደ።

እኛ ዘንድ የቀልድ ዘመድ ለቅሶ ቤት እንኳ አይምርም። የሟቹን ልብስ ለብሶ አካሄዱን ያስመስላል፤ የተቆፈረው መቃብር ውስጥ ገብቶ ተኝቶ፣ ደስ ካላሰኛችሁኝ አልወጣም ይላል። ረቡዕ ዕለት የክፍለ ከተማው ሠራተኞች፣ ፕላኑ መጽደቁ አይቀርም ብለው፣ መኪና ማቆሚያውን በኖራ ሊያሰምሩ ሲመጡ፣ አንሰልም ከመንገዱ ዳር፣ በብስክሌቱ መስመር ላይ ምንጣፍ አንጥፎ በአግድም ተኝቷል፤ ነጭ ጨርቅ ተከናንቧል። አራት የሳሞ ሴቶች ከበው እየሣቁ ሙሾ ያወርዳሉ።

ወይዘሮ ዙንግራና ፕላኑን ጠቅልላ በብብቷ ይዛ መጣች። «ማነው የሞተው?»

«ጌታሽ!» አሉ ሴቶቹ። «አንቺው ነሽ የገደልሽው። ነይ ቅበሪው!»

ሠራተኞቹ አፋቸውን ከፍተው አለቃቸውን ያያሉ። እሷ ምንጣፉን ትክ ብላ አየችና ሁለት እጇን ወደ ሰማይ ዘረጋች። «ተመስገን! በመጨረሻ ዝም አለ!»

ሬሳው አንድ ዓይኑን ገለጠ። «አንዲት አጭር ነገር ብቻ…»

«ሬሳ አይናገርም! ዝም በል፣ አንተ አሽከር! ምን ፈልገህ ነው የሞትከው?»

«መቃብሬን። እዚሁ፣ ከትምህርት ቤቱ እስከ ግድቡ። ርዝመቱ ሦስት መቶ ዐሥራ ሁለት ዙር።»

«ስፋቱስ?»

«ልክ እኔን።»

ሜትር አስመጣች። ጫፉን ከራሱ በላይ አስያዘችና ወደ እግሩ ስትደርስ ቆመች። «በየትኛው እግር ልለካ?»

«በረጅሙ! በረጅሙ ለኪኝ፣ አንቺ ሞሲ! የጎደለውን መኪናው ወስዶታል።»

ሴቶቹ ሙሾውን አቆሙ።  ወይዘሮ ዙንግራና ሜትሩን እስከ ረጅሙ እግር ተረከዝ ሳበች፤ ፕላኑን መሬት ላይ ዘርግታ ይሁን ደረቱ ላይ በደንብ አላየሁም፣ ብቻ በቀይ እርሳስ መስመር ስታሰምርበት አየሁ። «እኔ ብቻዬን አላጸድቅም» አለች። «ነገ ግን ይህን ይዤ ነው የምገባው። በሕዝብ ፊት ለሬሳ ቃል የገባ ሰው አያፈርስም። አሁን ተነሥ፤ ሠራተኞቹ ኖራቸው እየደረቀባቸው ነው።»

ሐሙስ ስትገባ ፕላኑን ከሚያጸድቀው ሸንጎ አባላት ግማሹ ወሬውን ሰምቶ ነበር። ሌላው ግማሽ ምክንያቱን ሲጠይቅ ከአንሰልም ተቀብላ የወሰደቻቸውን ጣሳዎች ጠረጴዛው ላይ ገለበጠችላቸው ይባላል። የብስክሌቱ ጠጠር ጠረጴዛውን ሞልቶ ወለል ላይ ፈሰሰ። የእኔም ጠጠሮች እዚያ ውስጥ ነበሩ። መስመሩ ጸደቀ።

ድንጋዩ ተደርድሮ ሲያልቅ ሁለተኛው የብስክሌት እሑድ ሆነ። ቀኑን በዚህ ጊዜ የቀጠሩት ሽንኩርት ሻጮቹ ናቸው። ቴኔ ከፊት ነዳች፤ ከኋላዋ ጫፉ የማይታይ ሕዝብ። ወይዘሮ ዙንግራናም በብስክሌት መጣች። ከመሪው ላይ ሰባት ጅግራ ተንጠልጥለው ይንጫጫሉ። አንሰልም አያቸው። አንድ፣ ሁለት እያለ ሲቆጥር ከንፈሩ ይንቀሳቀስ ነበር።  

ንግግር አድርግ ተባለና እጁን አነሣ። ሰው ሁሉ ልማዱን ስለሚያውቅ ጥላ ፍለጋ ተበተነ። እኔም ወደ አንድ የማንጎ ዛፍ ሥር ሄድኩ፤ ገና ሳልቀመጥ ንግግሩን ጨረሰ።

«አንዲት አጭር ነገር ብቻ» ነው ያለው። «መንገድ ላይ ምን ትሠራ ነበር ላላችሁኝ ሁሉ፣ ሃምሳ ዓመት መልሱን ሳስብ ኖሬአለሁ። ወደ ገበያ እየሄድኩ ነበር። ይኸው ነው። እነዚህም ልጆች ወደ ትምህርት ቤት እየሄዱ ነው። ማንም ምን ትሠሩ ነበር እንዳይላቸው።»